አቦልን በራስ ቴሌስኮፕ ማየት ይቻላል? አዲስ ፕላኔት ማግኘትስ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ ነው። ሜሪላንድ ያለችው እህቴ ባለ 130 ሚሊ ሜትር መስታወት ቴሌስኮፕ ልካልኛለች። ካርቶኑ ላይ 500 ጊዜ ያጎላል ይላል። የሳተርንን ቀለበትና የጁፒተርን ጨረቃዎች አይቼበታለሁ። ኢትዮጵያ ስም ያወጣችለትን አቦል የተባለ ፕላኔት ግን ስንት ሌሊት ፈልጌ አጣሁት። የከተማው መብራት ከልክሎኝ ነው ወይስ ቴሌስኮፑ አንሶ? እህቴ ባለ 250 ሚሊ ሜትር ብትገዛልኝ አየዋለሁ? ደግሞስ እንደ እኔ ያለ ሰው በራሱ ቴሌስኮፕ አዲስ ፕላኔት ሊያገኝ ይችላል?»

ምላሽ፦ ጥፋቱ የከተማው መብራትም የቴሌስኮፑ ማነስም አይደለም። አቦልን በዚህኛው አያዩትም፤ በባለ 250ውም አያዩትም፤ እንጦጦ ላይ በተተከሉት ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖችም አይታይም። አቦልን ከኮከቡ ነጥሎ በዓይኑ ያየ ወይም በካሜራ ያነሳ ሰው እስካሁን የለም። መኖሩ የታወቀው ኮከቡን ሲጎትተው ነው። ስለዚህ እህትዎ ሌላ ቴሌስኮፕ ከማዘዟ በፊት ይህን እስከ መጨረሻው ያንብቡት፤ ገንዘቡ የሚጠቅመው ሌላ ነገር ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት 100ኛ ዓመቱን ሲያከብር ለየአገሩ አንድ ኮከብና በዙሪያው የሚዞር አንድ ፕላኔት መድቦ ስም እንዲያወጡ ጋብዞ ነበር። ለኢትዮጵያ የደረሳት በመዝገብ ቁጥሩ ኤችዲ 16175 የሚባለው ኮከብ ነው። ኮከቡ ቡና፣ ፕላኔቱ አቦል ተባሉ። ፕላኔቱ የታወቀው ግን ከዚያ 10 ዓመት ቀድሞ በ2009 ነው። (ከዚህ በኋላም የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልገለጽኩ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ካሊፎርኒያ በሚገኘው ሊክ ኦብዘርቫቶሪ የሚሠሩ ተመራማሪዎች የኮከቡን ብርሃን ለዓመታት በቀለም እየዘረዘሩ ሲመረምሩ፣ ኮከቡ አንዴ ወደ እኛ ሲቀርብ አንዴ ሲርቅ፣ በሰከንድ 100 ሜትር ገደማ እንደሚወዛወዝ ደረሱበት። ይህ ከብርሃን ፍጥነት 3 ሚሊዮንኛ ያህሉ ነው። ውዝዋዜው በ990 ቀናት ገደማ ዑደቱን ይዘጋል። ይህን ያህል የሚጎትት አካል ክብደቱ ቢያንስ ከጁፒተር 4 እጥፍ በላይ መሆን አለበት፤ እሱ ነው አቦል። ሚሼል ማዮርና ዲዲዬ ኬሎ በ1995 ፀሐይን በመሰለ ኮከብ ዙሪያ የመጀመሪያውን ፕላኔት ያገኙት፣ በ2019ም የኖቤል ሽልማት የተጋሩት፣ በዚሁ ዘዴ ነው። መሣሪያው በቤት ውስጥ የሚሠራ ስላልሆነ ይህን መንገድ እዚሁ እንተወው።

ቡናን ራሱን ግን ያለ ጥርጥር ያዩታል፤ ምናልባትም ሳያውቁት አይተውት ይሆናል። በአንድሮሜዳ ህብረ ኮከብ ውስጥ ነው። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ወደ ሰሜን ዞረው ቢቆሙ ከአድማሱ 57 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል፤ እንጦጦም አይከልለውም። አልማክ የተባለውን የአንድሮሜዳ ደማቅ ኮከብና አልጎል የተባለውን የፐርሲየስ ኮከብ በዓይንዎ ይለዩ፤ ቡና ከሁለቱ መካከል፣ በእኩሌታው ላይ ነው። በአቅራቢያው ኤም 34 የሚባል የከዋክብት ክምችት አለ። አነስተኛ ማጉያ የሚሰጠውን የዓይን ሌንስ ገጥመው ክምችቱን ካገኙ፣ ቡና ከእሱ ወደ ደቡብ ምዕራብ 1 ዲግሪ ገደማ ፈቀቅ ብሎ እዚያው የእይታ ክብ ውስጥ ይገባል። ድምቀቱ 7.3 ስለሆነ (በዚህ መለኪያ ቁጥሩ ሲበዛ ኮከቡ ይፈዝዛል) በዓይን አይታይም፤ በቴሌስኮፕዎ ግን በደንብ ይታያል። ከሌሎቹ እንዳይምታታብዎ ስቴላሪየም በተባለው ነጻ ፕሮግራም የመዝገብ ቁጥሩን ጽፈው ያመሳክሩት።

ወደ 200 የብርሃን ዓመት ስለሚርቅ ዛሬ ማታ ዓይንዎ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ከዚያ የተነሳው በዘመነ መሳፍንት ነው። አቦል ከኮከቡ ተቀብሎ የሚመልሰው ብርሃንም እዚያችው ነጥብ ውስጥ አለ። መለየት ነው የማይቻለው፤ ምክንያቱም ሁለት ነው።

አንደኛው መጠጋጋታቸው ነው። አቦል ከቡና የሚርቀው መሬት ከፀሐይ ከምትርቀው በአማካይ 2 እጥፍ ያህል ነው። ይህ ርቀት ከዚህ ሆኖ ሲታይ 0.035 የቅስት ሰከንድ ይሆናል፤ 1 ዲግሪ 3,600 የቅስት ሰከንድ መሆኑን ያስታውሱ። ደብረ ብርሃን ላይ የተያዘ የአንድ ብር ሳንቲም ከአዲስ አበባ ሲታይ ከሚኖረው ስፋት እንኳ ያንሳል። ባለ 130 ሚሊ ሜትር መስታወት፣ አየሩ ፍጹም ቢረጋ እንኳ፣ የሚለየው 0.9 የቅስት ሰከንድ ገደማ ነው፤ የመለየት ችሎታው ከሚፈለገው 25 እጥፍ ያንሳል። ጠፈር ላይ ያለው ሃብል ቴሌስኮፕ እንኳ በ0.05 ላይ ይቆማል። ሁለተኛው የድምቀት ልዩነት ነው። በሚታየው ብርሃን የአቦል ድርሻ ከኮከቡ መቶ ሚሊዮንኛውን እንኳ አይሞላም። ኮከቡ በቴሌስኮፑ ውስጥ የሚረጨው ጭላንጭል ብቻ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈው 500 ጊዜ እዚህ ምንም አይለውጥም፤ ይህ አሳሳች ማስታወቂያ ብዙ ጀማሪ አስቀይሟልና ልብ ይበሉ። አንድ ቴሌስኮፕ የሚጠቅም ማጉላት የሚሰጠው በግምት የመስታወቱ ስፋት በሚሊ ሜትር ሲባዛ በ2 ነው፤ የእርስዎ ጣሪያ 260 ነው ማለት ነው። አብዛኛውን ሌሊት አየሩ ከ150 እስከ 200 ብቻ ይፈቅዳል። ከዚያ በላይ የሚጎላው ምስሉ ሳይሆን ብዥታው ነው።

በኢንተርኔት የሚዞሩት ባለ ቀለም የሩቅ ፕላኔት ሥዕሎችም፣ ደመናውና ባሕሩ ሁሉ ሳይቀር፣ የሠዓሊ ሥራ ናቸው። እውነተኛ ፎቶ የተነሳላቸው ፕላኔቶች አሉ፤ ቁጥራቸው ግን ከታወቁት ከ6,000 በላይ ፕላኔቶች ውስጥ እጅግ ጥቂት ነው። በ2008 ኤችአር 8799 በተባለ ኮከብ ዙሪያ የተነሱት ለምሳሌ የሚታወሱ ናቸው። እነዚህ ገና በልጅነታቸው ያሉ፣ ከውልደታቸው ሙቀት ያልበረዱ፣ ከኮከባቸውም እጅግ የራቁ ግዙፍ ፕላኔቶች ናቸው። ለእነሱም ቢሆን ሃዋይ ላይ ያሉት ከ8 እስከ 10 ሜትር መስታወት ያላቸው ቴሌስኮፖች፣ የአየሩን መናወጥ በቅጽበት የሚያስተካክሉ ሆነው አስፈልገዋል። ፎቶው ላይ የሚታየውም ነጥብ ነው።

በዓይንዎ የሚታይ ሩቅ ፕላኔት ካማረዎት ዩራነስና ኔፕቱን አሉልዎት። ዩራነስ 3.7 የቅስት ሰከንድ ስፋት ስላለው በ150 ማጉላት ትንሽ አረንጓዴ ሰማያዊ ክብ ሆኖ ይታያል። ኔፕቱን 2.3 ብቻ ስለሆነ የረጋ ሌሊት ይጠይቃል። ዊልያም ኸርሼል ማርች 13 ቀን 1781 ዩራነስን ያገኘው በእጁ በሠራው፣ መስታወቱ 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆነ ቴሌስኮፕ ነበር፤ ከእርስዎው ብዙም አይበልጥም።

አሁን ወደሚቻለው ልምጣ፤ ብዙ ሰው ሳያውቀው የሚያልፈው ይህንን ነውና። ፕላኔቱን ማየት ባይቻልም፣ ምህዋሩ እድል ሆኖ በእኛና በኮከቡ መካከል የሚያልፍ ከሆነ፣ በየዙሩ የኮከቡን ብርሃን ለጥቂት ሰዓታት ይቀንሳል። ይህ ማለፍ ትራንዚት ይባላል። ጁፒተርን የሚያህል ፕላኔት ፀሐይን በሚያህል ኮከብ ፊት ሲያልፍ ብርሃኑ በ100 አንድ ያህል ይወርዳል። ያንን ቅናሽ በካሜራ መለካት ይቻላል፤ የእርስዎ ቴሌስኮፕም ይበቃዋል። ይበቃዋል ያልኩት ለማጽናናት አይደለም፤ ታሪኩን እነሆ። በ1999 ኤችዲ 209458 በተባለው ኮከብ ፊት ፕላኔቱ ሲያልፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተመዘገበባቸው መሣሪያዎች አንዱ፣ ዴቪድ ሻርቦኖና ባልደረቦቹ ቦልደር ኮሎራዶ ላይ የተጠቀሙበት፣ ስፋቱ 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነበር። ደቡብ አፍሪካ ሰዘርላንድ ላይ ብዙ ፕላኔቶችን ያገኘው የዋስፕ ፕሮጀክትም የተጠቀመው ወደ 11 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸውን የፎቶ ካሜራ ሌንሶች ነው። ከ2018 ጀምሮ ጠፈር ላይ የሚሠራው ቴስ የተባለው ፕላኔት ፈላጊ ቴሌስኮፕ ራሱ አራት ባለ 10.5 ሴንቲ ሜትር ካሜራዎች ነው። በዚህ ሥራ ወሳኙ የመስታወቱ ስፋት ሳይሆን መለኪያው ሳይናወጥ ለሰዓታት መቆየቱ ነው።

ትራንዚትን በራሳችን ሥርዓተ ፀሐይም ማየት ይቻላል፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ኅዳር 4 ቀን 2025 ዓ.ም. ሜርኩሪ በፀሐይ ፊት ስታልፍ ከኢትዮጵያ ትታያለች። እዚህ ላይ ግን አጥብቄ የማስጠነቅቀው አለ፦ የፀሐይ ማጣሪያ ከቴሌስኮፑ አፍ ላይ፣ ብርሃኑ ከመግባቱ በፊት የሚገጠም መሆን አለበት። ከአንዳንድ ርካሽ ቴሌስኮፖች ጋር የሚመጣውን፣ የዓይን ሌንሱ ላይ የሚጠመዘዘውን ትንሽ ጥቁር ብርጭቆ ይጣሉት። በሙቀት ተሰንጥቆ ዓይን ያጠፋል።

አቦል ራሱ በቡና ፊት ያልፋል ወይ ብለው እንዳይደክሙ ደግሞ፦ ምህዋሩ ሰፊ በመሆኑ በትክክል በመካከላችን የማለፍ እድሉ ከ100 አንድ እንኳ አይሞላም፤ ቢያልፍም የሚያልፈው በ990 ቀን አንዴ ነው። ስለዚህ መለኪያዎን ወደ ሌሎች ያዙሩ። ለጀማሪ ከሁሉም የሚሻሉት ሁለት ናቸው። አንደኛው ይኸው በፔጋሰስ ህብረ ኮከብ ውስጥ ያለው ኤችዲ 209458 ነው፤ ድምቀቱ 7.7 ገደማ፣ ቅናሹ 1.6 በመቶ ያህል፣ ማለፊያው 3 ሰዓት ነው፤ ፕላኔቱ በ3.52 ቀን ይዞራል። ሁለት ዙሩ 7 ቀን ከአንድ ሰዓት አካባቢ ስለሚሆን፣ አንድ ማለፊያ ለእርስዎ በሚመች ምሽት ከገጠመ በሳምንቱ በ1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ገደማ ዘግይቶ ይደገማል፤ አንዱ ቢደምን ሌላው ይተካል። ሁለተኛው ኤችዲ 189733 ነው፤ ድምቀቱ ያው፣ ቅናሹ 2.4 በመቶ፣ ማለፊያው 2 ሰዓት የማይሞላ። ኤም 27 ከተባለው የጋዝ ደመና (ኔቡላ) አጠገብ ስለሆነ ማግኘቱ ቀላል ነው። ሁለቱም ከአዲስ አበባ ከራስ በላይ ቀረብ ብለው ያልፋሉ፤ ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ከጠራ በኋላ፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ምሽቱን ይሰጡዎታል። ኮከቡ ዝቅ ሲል ብርሃኑ የሚያልፍበት አየር ስለሚወፍር ከ30 ዲግሪ በታች ያለውን መለኪያ አይመኑት።

ሥራው እንዲህ ነው። ካሜራው ኮከቡን በየደቂቃው እየደጋገመ ያነሳል፤ ማለፊያው ከመጀመሩ 1 ሰዓት በፊት ይጀምራሉ፣ ካለቀ በኋላም 1 ሰዓት ይቆያሉ። አብረውት ፎቶው ውስጥ የሚገቡ፣ ድምቀታቸውና ቀለማቸው የሚቀራረብ ሌሎች ከዋክብት ማወዳደሪያ ይሆናሉ። ስስ ደመና ቢያልፍ ሁሉም አንድ ላይ ይደበዝዛሉ፤ ፕላኔት ካለፈ ግን አንዱ ብቻ ይወርዳል። መለኪያው በሙሉ የቆመው በዚህ ልዩነት ላይ ነው። ለዚህም ነው ሰፊ እይታ ያለው አጭር ቴሌስኮፕ ከረጅሙ የሚሻለው፤ ደማቅ ኮከብ በአቅራቢያው እኩያ አያገኝም፣ ጠባብ እይታ ውስጥ ደግሞ ጭራሽ ብቻውን ይቀራል። ካሜራውን ሆን ብለው ከፎከስ ትንሽ ያውጡት፤ ብርሃኑ በብዙ ፒክሰሎች ላይ ሲሰራጭ አንዱ ፒክሰል ሞልቶ አይፈስም፣ የፒክሰሎቹ መለያየትም ይቻቻላል። በስልክ ካሜራ አይሞክሩት፤ ስልክ ምስሉን በራሱ እያሳመረ ስለሚያስቀምጥ የለካው ቁጥር አይታመንም።

አሁን ያሉበት ቦታ የሚያመጣው ልዩ ችግር አለ፤ ውጭ አገር የተጻፉ መመሪያዎች ስለማይነግሩዎት እዚህ ላይ ልቆይበት። ኮከብን ለ5 ሰዓት ለመከተል ሞተር ያለውና አንዱ ዘንጉ ወደ ሰማይ ሰሜናዊ ዋልታ የሚያነጣጥር ኢኳቶሪያል ማቆሚያ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ በ9 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ስለሆነች የሰሜን ኮከብ ከአድማሱ ከፍ የሚለው 9 ዲግሪ ብቻ ነው፤ ከሽሮ ሜዳ እንጦጦ ሊሸፍነው ይችላል። ብዙዎቹ ማቆሚያዎች ደግሞ ለአውሮፓና ለአሜሪካ ኬክሮስ ስለተሠሩ ዘንጋቸው እስከዚህ ዝቅ አይልም፤ ቢልም ሚዛን መጠበቂያው ክብደት ከእግሩ ጋር ይጋጫል። እህትዎ ከመግዛቷ በፊት ሻጩን የምትጠይቀው ዋና ጥያቄ «ስንት ኪሎ ይሸከማል?» ብቻ አይሁን፤ «ዝቅተኛው ኬክሮስ ስንት ነው?» ትበል። ከ9 በላይ ከሆነና ምርጫ ከጠፋ፣ የማቆሚያውን ሰሜናዊ እግር አሳጥሮ የጎደለውን ዲግሪ ማካካስ ይቻላል፤ እንዳይገለበጥ ግን እግሩን ከከባድ ነገር ጋር አጥብቀው ይሰሩት። የሰሜን ኮከብ ካልታየም ችግር የለም። ካሜራው የሚያነሳውን ሰማይ ከኮከብ ካርታ ጋር እያስተያየ ዘንጉ ምን ያህል እንደሳተ የሚናገር ፕሮግራም አለ።

ቦታው የሚሰጥዎት ጥቅምም ትንሽ አይደለም። በ2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ከበላይዎ ያለው አየር ከባሕር ጠረፉ በሩብ ያህል ስለሚሳሳ፣ ለትንሽ ቴሌስኮፕ ዋና ጠላት የሆነው የከዋክብት ብልጭ ድርግም ማለት ይቀንሳል። የሰሜኑንም የደቡቡንም ሰማይ ያገኛሉ። የከተማው መብራት ደግሞ ጋላክሲ ለሚፈልግ እንጂ ለእንዲህ ያለ ደማቅ ኮከብ ልኬት ያን ያህል አያሰናክልም፤ ጨለማ ፍለጋ ከከተማ መውጣት የለብዎትም፣ ከግቢዎ ይጀምሩ። መብራት ድንገት መጥፋቱ ግን የአንድ ምሽት ሥራ ያበላሻልና ማቆሚያውንም ላፕቶፑንም ከባትሪ ያገናኙ።

ሌላ ጥንቃቄ፦ እንደ እርስዎው ላለ ባለ 130 ሚሊ ሜትር የመስታወት (የኒውተን ዓይነት) ቴሌስኮፕ ትልቁን የፎቶ ካሜራ ለመግጠም ቢሞክሩ ብዙ ጊዜ ፎከሱ አይመጣም፤ የካሜራው አካል ወፍራም ስለሆነ ምስሉ የሚያርፍበት ቦታ ላይ አይደርስም። በዓይን ሌንሱ ጉድጓድ የሚገባው ትንሹ የሥነ ፈለክ ካሜራ ይህ ችግር የለበትም፤ ጥቁርና ነጭ የሚያነሳው ከባለ ቀለሙ ለልኬት ይመረጣል።

ሰዓቱንም ይጠንቀቁ። የማለፊያ ሰዓቶች የሚነገሩት በዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። 3 ሰዓት ሲደመርበት የኢትዮጵያ ቀጠና ሰዓት፣ ከዚያ 6 ሲቀነስ (ከ12 ካለፈ ደግሞ 12 ሲቀነስለት) እኛ የምንቆጥረው ይሆናል፦ 17፡30 ከተባለ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ነው። ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላም የእኛ የፈረንጅ ቀን ሲቀየር የዓለም አቀፉ ገና አልተቀየረም። በዚህ ስሌት ተሳስቶ አንድ ቀን የሚያልፈው ሰው ብዙ ነው። ላፕቶፑም ሰዓቱን ከኢንተርኔት ያስተካክል፤ የሥራዎ ዋና ፍሬ የማለፊያው እኩሌታ የተከሰተበት ቅጽበት ነውና።

ወደ መጨረሻው ጥያቄዎ ልሂድ። ብቻዎን፣ ከግቢዎ፣ ማንም የማያውቀውን ፕላኔት ከባዶ ተነስተው ማግኘትዎ በጣም የማይመስል ነገር ነው፤ ተስፋ ልሰጥዎት አልፈልግም። ለትንሽ ቴሌስኮፕ የሚደምቁትን ከዋክብት ዋስፕ፣ ቴስና ኬልት የተባለው ሌላ የፕላኔት ፍለጋ ፕሮጀክት ደጋግመው አስሰዋቸዋል። ፕላኔቱ በፊታቸው የሚያልፍባቸው ከዋክብት ከብዙ አንዱ ናቸው፤ የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ አንዱን ኮከብ ለወራት ቢጠብቁ ባዶ እጅዎን ይቀራሉ። ግኝት ዛሬ የብዙ ሰው ሥራ ነው፤ ለእርስዎ የሚሆን ድርሻ ግን በእርግጥ አለበት።

የመጀመሪያው ድርሻ ቴሌስኮፕም አይፈልግም። ከጠፈር ቴሌስኮፖች የሚመጣውን የብርሃን ኩርባ (የኮከቡ ድምቀት በጊዜ ሲለዋወጥ የሚያሳየውን መስመር) ኮምፒውተር ይመረምረዋል፤ ያልተለመደ ቅርጽ ሲያጋጥመው ግን ያልፈዋል። ፕላኔት ሃንተርስ በተባለው ፕሮጀክት ፈቃደኞች ኩርባዎቹን በዓይናቸው እያዩ የሚያጠራጥራቸውን ይጠቁማሉ። በ2012 ሁለት ፈቃደኞች አራት ከዋክብት ባሉበት ሥርዓት ውስጥ ያለ ፕላኔት በዚህ መንገድ አግኝተዋል። በሌላ ተመሳሳይ ፕሮጀክት ፈቃደኞች የጠቆሙት ኬ2-138 የተባለ ኮከብ አምስት ፕላኔቶች እንዳሉት በ2018 ተነግሯል። ኢንተርኔትና ትዕግሥት ካለዎት ዛሬ ማታ መጀመር ይችላሉ፤ አዲስ ፕላኔት ላይ ስምዎ የመገኘቱ እድል ከሁሉም የሰፋው እዚህ ነው።

ሁለተኛው ድርሻ የተገኙትን መጠበቅ ነው። የማለፊያ ሰዓት ስሌት ትንሽ ስህተት አለበት፤ ፕላኔቱ በዞረ ቁጥር ስህተቱ ይጠራቀምና ከዓመታት በኋላ ሰዓቱ ይስታል። ውድ የጠፈር ቴሌስኮፕ ደግሞ በተሳተ ሰዓት ኮከብ ላይ ቢነጣጠር ጊዜው ይባክናል። የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት ኤሪየል የተባለውን ቴሌስኮፕ ለፕላኔቶች አየር ጥናት እያዘጋጀ ነው፤ ኤክሶክሎክ የተባለው ፕሮጀክት ለእሱ የሚሆኑትን ሰዓቶች የሚያድሰው በአማተሮች (ሙያቸው ሳይሆን በፍላጎት ሰማይን በሚከታተሉ ሰዎች) ልኬት ጭምር ነው። ናሳም ኤክሶፕላኔት ዋች የተባለ ተመሳሳይ ፕሮጀክት አለው። ሁለቱም ነጻ የመተንተኛ ፕሮግራም ይሰጣሉ፣ ሥራዎንም ይመረምራሉ፤ ልኬትዎ ካለፈ ጥናቱ ላይ ስምዎ ይጠቀሳል።

ሦስተኛው፣ ገና ያልተረጋገጡ የቴስ እጩዎችን መከታተል ነው። የቴስ አንዱ ፒክሰል 21 የቅስት ሰከንድ ይሸፍናል፤ በውስጡ ብዙ ከዋክብት ይገባሉ፣ ቅናሹም ከፕላኔት ሳይሆን እርስ በርስ ከሚጋረዱ ሁለት ጎረቤት ከዋክብት ሊመጣ ይችላል። ከምድር ያለ ቴሌስኮፕ የትኛው እንደደበዘዘ ይለያል። ይህ ግን ልምድና ከእርስዎ የተሻለ መሣሪያ ስለሚጠይቅ ለዓመታት በኋላ ያቆዩት። ኒውዚላንድ ኦክላንድ ውስጥ ሁለት አማተሮች በ2005 ከባለሙያዎች ጋር ሆነው በሌላ ዘዴ፣ የአንድ ኮከብ ስበት የሌላውን ብርሃን ሲያጎላ በመከታተል፣ ፕላኔት አግኝተዋል። ለዚያ ዘዴ የሚፈለገው የፍኖተ ሐሊብ መካከለኛ ክፍል ግን ለእኛ ከፍ የሚለው በሰኔና በሐምሌ፣ ሰማዩ በተዘጋበት ጊዜ ነው፤ ይተዉት።

እንግዲህ የምመክርዎት ይህ ነው። ባለ 250ውን አያስገዙ። በተመጣጣኝ ዋጋ የሚሸጡት ትልልቆቹ ቴሌስኮፖች አብዛኛውን ጊዜ በእጅ የሚገፋ ማቆሚያ ላይ የተቀመጡ ናቸው፤ ለዓይን ግሩም ናቸው፣ ኮከብን ለሰዓታት ተከትሎ ለመለካት ግን አይሆኑም። ያለዎትን ቴሌስኮፕ ይያዙና ገንዘቡ በመጀመሪያ ዘንጉ ወደ 9 ዲግሪ የሚወርድ፣ ሞተር ያለው ኢኳቶሪያል ማቆሚያ ላይ ይዋል፤ በሁለተኛ ደረጃ ትንሽ ጥቁርና ነጭ የሥነ ፈለክ ካሜራ። ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ካልቻለች ማቆሚያው ይቅደም፤ ያለ እሱ ካሜራው ሥራ ፈት ነው።

እቃው እስኪመጣ ዓይንዎን ያሠልጥኑ። ቡናን ሲፈልጉ ያገኙት አልጎል በየ2.87 ቀን ጎረቤቱ ይጋርደውና ከ2.1 ወደ 3.4 ይደበዝዛል፤ መደብዘዙና መመለሱ ወደ 10 ሰዓት ይወስዳል። ያለ ምንም መሣሪያ፣ ከአልማክና ከአካባቢው ከዋክብት ጋር እያወዳደሩ በየግማሽ ሰዓቱ ድምቀቱን ይጻፉ፣ በወረቀት ላይም ይሳሉት። ከዚያ በሚቀጥለው ጥቅምት ኤችዲ 209458ን ይያዙ። ሁለት ወይም ሦስት ንጹሕ ኩርባ ሲያገኙ ወደ ኤክሶክሎክ ይላኩ። ከዚያ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ከቡና ብዙም ሳይርቅ እዚያው አንድሮሜዳ ውስጥ ያለውን ሃት ፒ 32 የተባለ ኮከብ ይሞክሩ፤ ድምቀቱ 11.3 ገደማ ቢሆንም ቅናሹ ከ2 በመቶ በላይ ነው፣ ማወዳደሪያ ኮከብም አያጣም። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ደግሞ ዋስፕ 43 የተባለ ኮከብ አለ፤ ፕላኔቱ ከ1 ቀን ባነሰ ጊዜ ስለሚዞርና ማለፊያው ከአንድ ሰዓት ብዙም ስለማይበልጥ በሥራ ቀን ምሽትም ይቻላል።